ደሟን ወስዶ የጠፋው ሰው

የምሥራች መውጫ አጥታ ቆማለች። ቸርች ፓርኪንጉ ውስጥ አንዱ መኪናውን ከኋላዋ ገትሮባት ሄዷል፤ የሆቴል ሺፍቷ ደግሞ ሊጀምር ነው።

«የማን ነው ይሄ መኪና? ጌታ ይባርከውና ያንሳልኝ!»

አንድ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው እየሮጠ መጣ። «ይቅርታ እህቴ... የኔ ነው።»

«ዶክተሩ የሚሉት እርስዎ ነዎት? ታዲያ ፓርክ ማድረግ አላስተማሩዎትም?»

ሳቀ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም፤ ኋላ ነው የነገራት።

ወንድይራድ ሄንደርሰን ከተማ፣ አንድ የካንሰር ምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። መደዋወል ጀመሩ። እርስዎ መባባሉም ወዲያው ቀረ። ሥራውን ስትጠይቀው ሳይሰለች ያስረዳታል።

«የደም ሴል ከራሱ ላይ የሚያራግፋቸው ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ በዓይን አይታዩም። መድኃኒት እንሞላቸውና ላያቸው ላይ አድራሻ እናበጅላቸዋለን። ካንሰሩ ጋ ብቻ እንዲሄዱ፣ ጤነኛውን እንዳይነኩ።»

«ለዚህ የሰው ደም ትፈልጋላችሁ?»

«በጣም እንጂ።»

«የኔን ውሰዱ በቃ!»

ሰጠች። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ድምፁ ጠፋ። ሲደወልለት አያነሳም። እሑድ እሑድም ከሩቅ እጅ ነስቶ ያልፋታል።

«ደሜን መጦ ጠፋ በያ!» አለቻት የሥራ ጓደኛዋ ሮሐ፣ አንሶላ እያነጠፈች።

«የትም አይጠፋም» አለች የምሥራች። ነድታ ሄዳ ላብራቶሪው በር ላይ ጠበቀችው።

«ምን በደልኩህ?»

«ምንም! ደም የሰጠ ሰውና ተመራማሪ መቀራረብ የለባቸውም፤ የላብራቶሪያችን ሕግ ነው። ከጥናቱ ውጪ እንዳልልሽ ደግሞ... ካንቺ ደም የሠራናቸው ከረጢቶች ካንሰሩን እያገኙት ነው። ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር... ፈራሁ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አልለቀቀችውም።

«እኔ አልወጣም፣ የታመመ ሰው አለ። አንተም ሥራህን አትተውም። ግባና ለአለቃህ እወዳታለሁ በል! ጥፋትህ ዝም ማለትህ ነው።»

ገብቶ ተናገረ። የእሷን ደም ናጃት የምትባል ባልደረባው ተረከበች፤ እሱ በሌላ ሰው ደም ቀጠለ።

ሽማግሌው ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ሰውዬው ያፍራል። የምሥራች የቸርቹን አንጋፋ ጋሽ ግዛቸውን ከሌሎች ሁለት አባቶች ጋር ራሷ ወደ እሱ ላከች።

«ሴት ሽማግሌ ስትልክ የት አየሽ?» አሏት ጋሽ ግዛቸው።

«አሁን ያያሉ!»

ሽማግሌዎቹ ሰውዬው ቤት ሄደው ሳሎኑ መሃል ተደርድረው ቆሙ። ጋሽ ግዛቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን ለትዳር ፈልጋሃለች። እሺታህን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ወንድይራድ እየሳቀ እንባው ወረደ።

«ኧረ... ተቀመጡ» አላቸው።