ዱርሲቱን ያዳናት ብረት

በሱሉልታ ከተማ ዳር፣ ወተት ማስረከቢያው ባለበት ሰፈር፣ አዴ ዱርሲቱን የማያውቅ የለም። ላሞች ታረባለች፤ ጎረቤት ሲታመም ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች፤ አንደበቷም እንደ እጇ ፈጣን ነው። ከግራ ቅንድቧ ጫፍ አጠገብ የጠቆረና የተጨማደደ ጠባሳ አለባት። ሌላ ሴት ብትሆን ትደብቀው ነበር። እሷ ግን ራሱን የሚያመው ሰው ባገኘች ቁጥር በጣቷ እየነካካች ታሳየዋለች።

«ይኸው!» ትላለች። «ጉልምስናዬን በሙሉ ራሴን ሲፈልጠኝ ኖሮ በብረት ተገላገልኩ። ሐኪም ቤት የሄዱትማ እስከ ዛሬ ክኒን ይቅማሉ።»

ይህን ስትል እየዋሸች አልነበረም። ከኮረዳነቷ ጀምሮ ግማሽ ራሷን የሚቀጠቅጥ ሕመም ነበረባት። ሲነሳባት ያስታውካታል፤ ብርሃን ይወጋታል፤ የጥጃ ድምፅ እንኳ እንደ መዶሻ ይወርድባታል። ሰፈሩ «መጋኛ ነው» አለ። ገና ልጃገረድ ሳለች በጋለ ብረት ተተኩሳ ነበር፤ አልተሻላትም። ልጆቿን ወልዳ ካሳደገች በኋላ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ከሚኖር ብረት የሚተኩስ ሰውዬ ዘንድ ሄደች። እሱም ተኮሳት። ሕመሙ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄዶ ጨርሶ ተዋት። ከዚያ ወዲህ ዱርሲቱ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

የመጨረሻ ልጇ ጂጂ ከከተማው የውኃ ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራ ነበር። ሥራዋ በኃይለኛ መብራት ፊት የሚያልፉትን ጠርሙሶች እያየች ጉድፍ ያለባቸውን መለየት ነው። ሳቂታ ናት። በየወሩ ግን ሳቋ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን ባልደረቦቿ ደግፈው አመጧት። ገና ከበሩ ሳታልፍ አስታወከች።

«ማል ታቴ፣ ኢንታላ ኮ? ምን ሆንሽ፣ ልጄ? ደግሞ ጀመረሽ?» አለች ዱርሲቱ።

ጂጂ በጨለማው ጓዳ ተኝታ የግራ ዓይኗን በመዳፏ ጫን አድርጋ ይዛ ነበር። «እማ፣ ይሄ ነገር የሚመጣብኝ የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ነው። የፋብሪካችን ነርስ ጠይቃኝ ነገርኳት። መድኃኒት አለው፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ ብላኛለች።»

ዱርሲቱ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ባሏ ኦቦ ዋቆ ግቢ ውስጥ ድርቆሽ እየከመረ ነበር።

«ዝም በይ! አባትሽ ይስማሽ? እንዲህ ያለ ነገር አፍ ሞልቶ ይወራል? የወር አበባ የሴት ሁሉ ነው። ማን በሱ ምክንያት ራሱን ይዞ ሲጮህ አየሽ?»

«አንቺስ? አንቺም እንደኔ አልነበርሽም?»

«የኔ መጋኛ ነበር። ብረት አወጣው።»

ነገሩ በዚህ ሊያልፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ጂጂ ለቡራዩ ልጅ ለሁንዴ ታጭታ ነበርና የሠርጉ ቀን ቀርቧል። የሁንዴ አክስት አንድ ቀን ሊጠይቁ መጥተው ጂጂን እያስታወከች አገኟት። ሲመለሱም «ልጅቷ የሚጥል በሽታ አለባት እንዴ?» ብለው ለሰው ተናገሩ። ወሬው ዞሮ ዱርሲቱ ጆሮ ደረሰ። እናት ሆና እንዴት እንቅልፍ ይውሰዳት?

«ከሠርጉ በፊት ይሄ ነገር ከላይሽ መውረድ አለበት» አለቻት።

«እኔ አልተኮስም፣ እማ።»

«እኔን ገደለኝ? ሙሽራ ሆነሽ፣ አማቶችሽ ፊት መሬት ለመሬት ስትንፈራገጪ ሊያዩሽ ነው? እናትሽ ክፉሽን ትመኛለች?»

ኦቦ ዋቆ ለሠርጉ ጉዳይ ወደ ቡራዩ የሄደ ዕለት ጂጂን ሕመሟ ጣላት። ቆማ መሄድ አልቻለችም፤ እምቢ የምትልበት ጉልበትም አልነበራትም። ዱርሲቱ ባጃጅ ጠርታ አሳፈረቻት።

ሰውዬው የማጭድ ጫፍ ከሰል ውስጥ አግሎ ጠበቃቸው። ስለ ሕመሙ ምንም አልጠየቀም። ዱርሲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ የልጇን ራስ በጉልበቶቿ መካከል እንድትይዝ አዘዛት። «አጥብቀሽ ያዢ» አለ።

ጂጂ የብረቱ ወላፈን ፊቷ ላይ ሲደርስ ነቃች። «እማ፣ በእግዚአብሔር! እማ፣ ልቀቂኝ!»

«አይዞሽ፣ ልጄ። አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ቆዳዋ ተንጨረጨረ። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ግቢውን ሞላው። ጩኸቷን ሰምቶ አንድ ሰው በአጥር በኩል ብቅ አለና ምን እንደሆነ ሲያይ መንገዱን ቀጠለ።

«ይደገም። ሥሩ አልወጣም» አለ ሰውዬው።

ዱርሲቱ «ይበቃል» ማለት ይገባት ነበር። አላለችም። እጇ ግን በልጇ ላብና እንባ ረጥቦ ነበርና ብረቱ ሁለተኛ ሲመጣ ያዳልጣት ጀመር። ጂጂ ባላት ኃይል ሁሉ ተወራጨች። የጋለው ጫፍ ከቅንድቧ ተንሸራቶ በዓይኗ ላይ አለፈ።

ሰውዬው ብረቱን ውኃ ውስጥ ነከረ። «እኔ አጥብቀሽ ያዢ ብያለሁ» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ዱርሲቱ ልጇን ቤት አምጥታ ቁስሉን ቅቤ ቀባችው። ጉንጯ አበጠ፤ ዓይኗ ተደፈነ። በማግስቱ መግል ሲወርድ ዱርሲቱ «በሽታው እየወጣ ነው» አለች፣ ለራሷም ለልጇም። ጂጂ በትኩሳት ስትቃዥ ሐኪም ቤት ልውሰዳት ብላ አሰበችና «ምን ሆና ነው ቢሉኝስ?» ብላ ተወችው። ኦቦ ዋቆ ከቡራዩ ሲመለስ ልጁ አላወቀችውም። አቅፎ አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረሳት።

ሐኪሞቹ ዓይኗን ማዳን አልቻሉም። ቁስሉ ወደ አንጎሏ እንዳይዘልቅ ዓይኗን አወጡት።

ኮሪደሩ ላይ ኦቦ ዋቆ ሚስቱን ጠየቃት። እሷም ሁሉንም ነገረችው፤ ነርሷ ያለችውንም ጭምር።

«መድኃኒት አለው ተብላ ነበር? ለኔ ያልነገራችሁኝ ለምንድን ነው?»

«የሴት ነገር ነው ብዬ... አፍሬ ነው።»

«አፍረሽ!» አለ። «እኔ ከሴት ሆድ የወጣሁ አይደለሁም? ይህን ሁሉ ልጅ አብረን አልወለድንም? ከማን ነው ያፈርሽው?» ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አላናገራትም።

ለጎረቤት የተነገረው ሌላ ነው። ዱርሲቱ «ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ፈንድቶ ነው» አለች። ጂጂ ይህን ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የሁንዴ አክስት ብርቱካን ይዘው መጡና ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጠው «ልጁ ትንሽ ይታገሥ ብለናል» አሉ። ሁንዴ ራሱ አንድ ቀን ደወለ፤ ስለ ሥራ መብዛት አውርቶ ስልኩን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው በቡራዩ ሌላ ልጅ ማጨቱ ተሰማ። ፋብሪካውም ለጉድፍ መለያው ሁለት ዓይን ያላት ተካባት።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ ወሩ ሲዞር ሕመሙ ተመልሶ መጣ። በዚያው በግራ በኩል፣ ዓይን በሌለበት በኩል።

ዱርሲቱ ልጇ ስታቃስት ሰምታ ከጓዳው ደጃፍ ተንበረከከች። «እማ፣ አልወጣም» አለች ጂጂ ከውስጥ። «ያ ሰውዬ ያወጣው ዓይኔን ብቻ ነው።»

ኦቦ ዋቆ ሁለቱንም ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ሐኪም ወደ ዶክተር ሬሐና ሄደ። ዶክተሯ ድካም የሚታይባት፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ሕመሙ መቼ እንደሚጀምር፣ ከየትኛው ጎን እንደሆነ፣ ያስታውክ እንደሆነ ጂጂን ከጠየቀች በኋላ ወደ ዱርሲቱ ዞረች።

«እናቴ፣ እርስዎም እንዲህ ያምዎት ነበር?»

«ያመኝ ነበር ልጄ። እኔ ግን በብረት...»

«ሕመሙ ሲተውዎት የወር አበባዎ ገና ይመጣ ነበር?»

ዱርሲቱ ባሏን አየችና አንገቷን ደፋች። «ተናገሪ እንጂ!» አለ ኦቦ ዋቆ። «አሁንም ልታፍሪ ነው?»

«በዚያው ዓመት ነው የቆመው» አለች በቀስታ።

ዶክተር ሬሐና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያዳነዎት ብረቱ አይደለም፤ ዕድሜዎ ነው። በሴት ደም ውስጥ ሆርሞን የሚባል ነገር አለ። የወር አበባ ሊመጣ ሲል መጠኑ በድንገት ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ራሳቸውን የሚያማቸው ሴቶች አሉ። ማይግሬን ይባላል፤ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ብዙዎችን ይተዋቸዋል። ባይተኮሱም ይተውዎት ነበር።»

«ልጅ ሆኜ ሲተኩሱኝ ያልተሻለኝ...»

«ለዚህ ነዋ።»

ዶክተሯ ወደ ጂጂ ተመልሳ የሚደረገውን ነገረቻት። የታዘዘላትን መድኃኒት ሕመሙ እስኪበረታ ሳትጠብቅ ገና ሲጀማምራት ትውሰድ፤ የወር አበባዋ የሚመጣበት ጊዜ ስለሚታወቅ ከዚያ ቀደም ብላ የምትጀምርበት መንገድም አለ። ምግብ አትዝለል፤ እንቅልፍ አታጉድል። የሕመም ማስታገሻ በየቀኑ መዋጥ ግን ራሱ ራስ ምታት ያመጣልና ከታዘዘላት እንዳታልፍ። የወሊድ መከላከያ መጠቀም ብትፈልግም ማይግሬን እንዳለባት ሳትናገር እንዳትጀምር፤ ለአንዳንድ ሴት አደገኛ የሆነ ዓይነት አለ። «ይሄ ካልበቃሽ ሌላ መድኃኒት አለ። ተመልሰሽ ነይ» አለቻት።

በሚቀጥለው ወር ጂጂ ሕመሙ ገና ጫፉን ሲያሳያት መድኃኒቷን ዋጠች። ጨለማ ጓዳ ውስጥ ጋደም አለች። ከምሳ በፊት ተነስታ ወጣችና መራቧን ተናገረች። ዱርሲቱ ምግብ አቀረበችላት፤ ስትበላም ቆማ አየቻት። ልጇ አልጮኸችም፤ አላስታወከችም። ዱርሲቱ ወደ ላሞቹ በረት ገብታ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። ከቅጣት ሁሉ የከፋባት ይህ ነበር፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ መገኘቱ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎረቤቷ ብርቅዬ ትምህርት ቤት የምትሄደውን ልጇን ሮዛን እየጎተተች መጣች።

«ዱርሲቱ፣ ያን ብረት የሚተኩሰውን ሰውዬ ቤት አሳዪኝ። ይህቺን ልጅ ራሷን ይዟት ከትምህርት ገበታ አስቀራት።»

ዱርሲቱ «ሰውዬው ከአገር ወጥቷል» ልትል አፏን ከፈተች። ሮዛን አየቻት፤ ገርጥታለች። ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«አትውሰጃት። የጂጂን ዓይን ያጠፋው እሱ ነው። ጠርሙስ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ራሷን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ።»

ብርቅዬ ደነገጠች። ቢሆንም «ልጅቷ ተንቀሳቅሳ ይሆናላ» አለች። «አንቺን አድኖሽ የለም እንዴ?»

«እኔን ያዳነኝ እርጅና ነው! ብረቱ ለፍቶ መና! እርጅና ነው ያዳነኝ፣ ትሰሚያለሽ?»

ጂጂ ድምፁን ሰምታ ከቤት ወጣች። እናቷን አላየቻትም፤ በቀጥታ ወደ ሮዛ ሄደች።

«መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?»

ሮዛ እናቷን ሰረቅ አድርጋ አየች።

«እኔም ተናግሬ ዝም በይ ተብዬ ነበር። አንቺ ዝም አትበይ።»

«የወር አበባዬ ሲመጣ» አለች ሮዛ።

ብርቅዬ ልጇን ለመቆጣት እጇን አነሳች፤ የጂጂን ፊት አይታ እጇን መለሰች። በማግስቱ ጂጂ ራሷ እናትና ልጅን ይዛ ዶክተር ሬሐና ዘንድ ሄደች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ጂጂ ግን አልደበቀችም። የተናገረችው እሷ ናት፤ ሰምታ የደበቀችው እናቷ ናት። ዛሬም በየቤቱ በወር በወሩ ራሷን ይዛ የምትተኛ ልጅ አለች። ሰነፍ ናት፣ አስመሳይ ናት፣ መጋኛ ነው የምትሉ ወላጆች ሆይ፣ መቼ እንደሚያማት ሳታፍሩ ጠይቋት፤ ስትነግራችሁም ስሟት። ብረት የሚያወጣው በሽታ የለም። የወር አበባን ስም መጥራት ማንንም አላሳወረም፤ ዝምታው ግን አሳውሯል።

ዱርሲቱ አሁን ራሱን የሚያመው ሰው ስታገኝ በራሷ እግር ጤና ጣቢያ ታደርሰዋለች። ሰዎች ያመሰግኗታል። ጂጂ ግን ይቅር አላለቻትም። ሮዛን አድርሳ በመጣች ዕለት እናቷ «ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» ብትላት፣ ጫማዋን እያወለቀች እንዲህ ነበር የመለሰችላት፦

«ለሮዛ የጮኽሽውን ጩኸት ለኔ ብትጮኺው ኖሮ፣ እማ።»