ከአፌ ያልወጣው የቅርንፉድ ሽታ

ለፈረንሳዩ ጋዜጣ እኔ «የበር ጠባቂዋ» ነኝ። ስም የለኝም። ዕድሜ የለኝም። በሩ ስም ቢኖረው ኖሮ እሱን ይጽፉት ነበር።

ለአሜሪካው ጋዜጣ ግን ማዳም ማሪቮን ኬርማሬክ ነኝ፤ የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ ሰማያዊ ሽርጥ ያሸረጠች። ስሜም ልክ ነው፣ ዕድሜዬም ልክ ነው፣ ሽርጤም ልክ ነው። ከዚያ ቀጥሎ «አለች» ብለው ከጻፉት አራት ዓረፍተ ነገር ግን አንዱም ከአፌ አልወጣም።

የትኛው ይብሳል? አንደኛው አላየኝም። ሌላው አይቶኝ አፌን ሰረቀኝ። በተሰረቀው አፌ ደግሞ ንጹሕ ሰው ታሰረ።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በፈረንሳይ ባሕር ዳር፣ ብረታኝ አገር፣ አባቴ ዓሣ በሚጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ ነው። ስለዚህ የሚያመልጠኝ የለም። ይህን ፖሊሱ ሲረዳው ጊዜው መሽቶ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። መጋቢት ቢገባም ፓሪስ ገና ይቀዘቅዛል። የሁለት ሰዓቱን ፖስታ ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። የሙሴ አንሴልም ፑጆል በር ገርበብ ብሏል።

«ሙሴ አንሴልም?»



ገፋ አድርጌ ገባሁ። በሆዱ ተደፍቷል። ከጆሮው በላይ ተፈልጧል። አጠገቡ፣ ጋዜጣ ለጥፎ ገጹን የሚጫንበት ብረት ወድቋል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቤቱ እንደ በረዶ ቤት ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ በትንሿ ድስት ያለው የዱቄት ሙጫ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

ሙሴ ፑጆል ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ሲያርም ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ማቆም አቃተው። በየቀኑ አንድ የፈረንሳይ፣ አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ይገዛል። የአንዱን ነገር ወሬ ከሁለቱም በመቀስ ይቆርጥና ደብተር ላይ ጎን ለጎን ይለጥፋል። ሠላሳ አንድ ደብተር ሞልቷል። አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ባቡር ተገልብጦ፣ ሁለቱን አስነበበኝ። የእንግሊዝኛውን እሱ ነበር የሚተረጉመው። አሜሪካው፦ ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ሰዓቱ ይህ፣ የነጂው ስም ይህ፣ አጥር ሥር የቆመችው ሴትዮ እንዲህ አለች። የእኛው፦ ይህች አገር በምን ሐዲድ ላይ እየሄደች ነው?

«ሙሴ፣ የሞቱት ስንት ናቸው?» አልኩት።

«እሱ የሚገኘው ከፍልስፍናው በኋላ ነው» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ የነገረኝን ግን አልረሳሁትም። «ማሪቮን፣ አሜሪካኖቹ አፍ የሌለው ወሬ አያትሙም። ማን አለ? ዕድሜው ስንት ነው? ይላሉ። የእኛዎቹ ‹እንደሚታወቀው› ብለው ያልፋሉ። አሜሪካዊ ሊዋሽ ሲፈልግ መጀመሪያ የሰው አፍ መፈለግ አለበት።»

የመርማሪው ስም ኦብራክ ነው፤ ኢንስፔክተር። ጢሙን የሚወድ ሰው ነው።

«ማዳም፣ ትናንት ማታ ከውጭ ማን ገባ?»

«ድሪስ። አሳንሰሩ ተበላሽቶ እኔው ነኝ የጠራሁት።»

«ሙሉ ስሙ?»

«ድሪስ አማዊ። ሞሮኮ ነው አገሩ። ስምንት ዓመት ሙሉ አሳንሰራችንን የሚጠግነው እሱ ነው።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲጮህ ተሰምቷል።»

«ጮኋል። ‹በሩን ዝጉልኝ!› ነው ያለው። ሙሴ ፑጆል የአሳንሰሩን በር ከፍቶ ይተዋል። እኔም በቀን ሦስቴ እጮህበት ነበር። እኔንም እሰረኛ!»

«ቀልድ አልያዝንም፣ ማዳም።»

«እኔስ መች ስቄ አየኸኝ?»

ሐኪሙ፣ ሙሴ ፑጆል የሞተው ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ነው አለ። ከውጭ የገባው ድሪስ ብቻ። ሟቹ የወንድም ልጅ ነበረው፤ ቤቱን የሚመኝ። ኦብራክ ግማሽ ቀን እሱን አሳደደ። ሰውየው እግሩ ተሰብሮ ሊዮን ሆስፒታል ተኝቶ ተገኘ። ስለዚህ ድሪስን ወሰዱት።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ደብተር ጎድሏል። አሥራ አራተኛው።»

«ምን ተጽፎበት ነበር?»

«አላውቅም። መደርደሪያው ላይ አሥራ ሦስትና አሥራ አምስት ተጠጋግተዋል። አጠገባቸው ግን አቧራ የሌለበት ሌጣ ቦታ አለ።»

«በአቧራ ነው የምመረምረው?» አለና ረዳቱን ጠቀሰው። ረዳቱ ሳቀ። ኦብራክ ያልኩትን አልጻፈውም።

በዚያው ቀን ሁለት ጋዜጠኞች መጡ። ፈረንሳዊው ግቢው መሀል ቆሞ ሰማዩን አየ፣ መስኮቶቹን አየ፣ ሄደ። እኔን «ደህና ዋሉ» እንኳ አላለኝም። በማግስቱ በትልቅ ከተማ ስላለ የሽማግሌዎች ብቸኝነት ሁለት ዓምድ ጻፈ። ሟቹ «ኤ. ፒ.»፣ ድሪስ «ዲ. ኤ. የተባለ የውጭ ተወላጅ ሠራተኛ»። እኔ በሩ ላይ ነኝ።

ሁለተኛው ከውጭ አልመጣም። ሙሴ ዌንደል ሃርግሮቭ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የእኛው ተከራይ ነው፤ ለአሜሪካ ጋዜጣ ከፓሪስ መጻፍ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ጨዋ ነው። በር ይከፍትልኛል። ሐሙስ ሐሙስ ሙሴ ፑጆል ዘንድ ወጥቶ በጋዜጣ ነገር ሲከራከሩ ያመሻሉ። ያን ቀን የኪስ ደብተሩን አውጥቶ ቀረበኝ።

«እመቤቴ፣ እንዴት አገኙት?»

«ሞቶ።»

ሌላ አልተናገርኩም። የሞተ ሰው ላይ ወሬ አላበዛም። አንዲቷን ቃል ጽፎ፣ ባርኔጣውን አንሥቶልኝ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ድሪስን ሊለቁት ነበር። በእጁ ላይ ምንም አልተገኘም። ያን ቀን የአሜሪካው ጋዜጣ ደረሰ። የምርመራው ዳኛ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ቆርጦ ከመዝገቡ ጋር አያያዘው። ድሪስ በዚያው ቀረ።

የሆነውን የሰማሁት ከድሪስ ሚስት ነው። ደጄ ላይ ቆማ፣ አልቅሳም አልጨረሰችም።

«እማማ ማሪቮን፣ ስምንት ዓመት ሾርባ ሲያበሉት ኖረው እንዲህ ይሉበታል?»

«ምን አልኩ?»

«ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ሲዝትበት ሰማሁ ብለዋል።»

 ጋዜጣውን ከኪዮስክ ገዝቼ ሦስተኛ ፎቅ፣ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ማድሟዜል ሶላንዥ ዘንድ ወጣሁ።

«አንብቢልኝ። ምንም እንዳታስቀሪ።»

የድሪስ ሙሉ ስም አለ። የሚኖርበት ሰፈር አለ። ፎቶውም አለ፣ ከነካቴናው። ከሥሩ የእኔ ቃል።

«‹ሞሮኳዊው ሲዝትበት ሰማሁ› አለች ማዳም ማሪቮን ኬርማሬክ፣ ሰባ አንድ፣ ሰማያዊ ሽርጧን እያሻሸች። ‹አዛውንቱ ደግ ነበሩ። ስገባ ድስቱ ውስጥ ሙጫው ገና ይጨስ ነበር። ቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር።›»

«ድገሚው። የመጨረሻውን።»

«ቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሰኞ አመሻሽ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሙሴ ፑጆል ወደ ክፍሌ ወርዶ ነበር። «ማሪቮን፣ ሙጫዬ ይሻግታል፤ ደብተሮቼን ሻጋታ ሊበላብኝ ነው» አለኝ። እናቴ ለመጽሐፍ ቅዱሷ መጠገኛ በምታፈላው ሙጫ ቅርንፉድ ትጨምር ነበር። ከማድቤት ጥቂት ፍሬ ሰጠሁት። ከዚያ በፊት ጨምሮ አያውቅም። ከዚያ በኋላም አልጨመረም፤ ሞተ። እኔ ጠዋት ስገባ በተከፈተው መስኮት ሽታው ሁሉ ወጥቶ፣ ሙጫው ደርቆ ነበር።

እንግዲህ ሙጫው ሲጨስ ያየ፣ ቅርንፉዱን ያሸተተ ማነው?

ኦብራክ ጢሙን እየነካካ አዳመጠኝ።

«ማዳም፣ ጋዜጠኞች ማሳመር ይወዳሉ። ፈጥሮት ቢሆንስ?»

«ጭሱንስ ይፍጠር። ቅርንፉዱን ከየት አመጣው?»

«ቅርንፉድ መኖሩንስ በምን አውቃለሁ?»

«ቤቱ ታሽጓል፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው፣ አራት ፎቅ ደረጃ ነው። አሳንሰሩን የሚጠግነውን ስላሰርከው በእግርህ ትወጣለህ።»

ወጣን። እያለከለከ ነበር፤ እኔ አልነበርኩም። ድስቷን ገልብጦ በቢላ እጀታ መታት። የደረቀው ሙጫ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተሰነጠቀ። ውስጡ አምስት ጥቋቁር ፍሬዎች ነበሩ። አንሥቶ አሸተተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሩን አውጥቶ የነገርኩትን ጻፈ።

«የጎደለው ደብተር ቁጥር ስንት ነበር ያሉኝ?»

«አሥራ አራት። አቧራው እስካሁን ይመሰክራል።»

ቅዳሜ ጣቢያ ጠርቶ ፊት ለፊት አስቀመጠን። ሃርግሮቭ ክራቫቱን አስተካክሎ መጥቷል።

«ሙሴ ሃርግሮቭ፣ ሟቹ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?»

«በፊተኛው ሐሙስ። ነግሬዎታለሁ።»

«ሰኞስ?»

«አልሄድኩም።»

«የቅርንፉዱን ሽታ ማን ነገረዎት?»

«ማዳም ናቸዋ። ጽሑፌ ላይ አለ።»

«እኔ?» አልኩ።

«እመቤቴ፣ በዕድሜ ምክንያት ይረሳል...»

«በዕድሜዬ ምን አገባህ? ዕድሜዬን ለአገር ሁሉ የጻፍክ አንተ ነህ።»

ኦብራክ እጁን ዘረጋ። «ማክሰኞ የጻፉበት ደብተር ኪስዎ ውስጥ ይሆን? አለቆችዎ ከጠየቁ ታሳያላችሁ ይባላል። እኛም እንጠይቅ።»

ሃርግሮቭ ወዲያው አልሰጠም። ቆይቶ ሰጠ። ኦብራክ ገለጠ። ማክሰኞ ይላል። ስሜ አለ። ሰባ አንድ ይላል። ሰማያዊ ሽርጥ ይላል። ከዚያ አንዲት ቃል፦ ሞቶ።

ቀሪው ገጽ ባዶ ነበር።

«ሌላው የት አለ?» አለ ኦብራክ።



«እንደ ፈረንሳዊው ‹ቤቱ ቅርንፉድ ይሸት ነበር› ብለህ ዝም ብትል» አልኩት ሃርግሮቭን፣ «ማን ይጠይቅህ ነበር? የእናንተ ሰዎች አፍ ይፈልጋሉ። ራስህ ያሸተትከውን ለእኔ አፍ ሰጠኸው። የበር ጠባቂ አፍ ነው፣ ማን ይሰማታል ብለህ።»

አሥራ አራተኛውን ደብተር ሃርግሮቭ ቤት አገኙት፤ ሸሚዞቹ ሥር በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ሙሴ ፑጆል የሃርግሮቭን ጽሑፎች ለብቻ የለጠፈበት ነበር። ሦስት ቦታ በቀይ አስምሮ ነበር። የማርሴይ ዓሣ አጥማጅ፣ የሊል መበለት፣ የኒስ ቄስ፤ በተለያየ ዓመት ሦስቱም አንዲት ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ተናግረዋል። ሙሴ ፑጆል ሦስቱንም በደብዳቤ ፈልጓል። ዓሣ አጥማጁም፣ መበለቷም፣ ቄሱም አልነበሩም። ሃርግሮቭ እንደተናዘዘው፣ ሰኞ ማታ ሟቹ ይህን አሳየውና «ለጋዜጣህ አለቆች ልልክ ነው፤ አስቀድመህ አንተው ብትነግራቸው ይሻልሃል» አለው። ጨዋነቱ ገደለው። ሃርግሮቭ ብረቱን አነሣ።

«ለምን አላቃጠልከውም?» አለው ኦብራክ።

ሰውየው ያለቀሰው ያኔ ነው፤ ለሟቹ አይደለም። «ሃያ ሁለት ዓመት የጻፍኩትን ያስቀመጠልኝ ሌላ ሰው የለም» አለ።

ድሪስ በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈታ። መሥሪያ ቤቱ በቦታው ሌላ ሰው ቀጥሯል። አከራዩ ቤቱን አስለቅቆታል። አሁን ሚስቱንና ዕቃውን ይዞ እህቱ ዘንድ ተጠግቷል። ዕቃውን ሲጭን ልሰናበተው ስሄድ እጄን ሳመኝ። ይህን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ሁለቱም ጋዜጦች ጻፉ። የፈረንሳዩ አንድ ፈላስፋ ጠርቶ እውነት በአሜሪካ ምን እንደሆነች ሦስት ዓምድ አጻፈ። ስለ ዲ. ኤ. መፈታት ሐረግ የለበትም። የአሜሪካው የሃርግሮቭን የትውልድ መንደር፣ የእናቱን ስም፣ የክራቫቱን ቀለም ጻፈ። ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከአየር ጠባዩ በላይ፣ ሦስት መስመር እርማት አለ፦ ማዳም ኬርማሬክ ስለ ሙጫና ቅርንፉድ የተጠቀሰውን አልተናገሩም። ይኸው ነው። «ሲዝትበት ሰማሁ» የሚለው አልታረመም። እስከ ዛሬ በስሜ ተጽፎ ይኖራል።

ስለዚህ ለእናንተ ለሁለቱ ጋዜጦች አለቆች እጽፋለሁ። በጣቴ እየተከተልኩ ነው የምጽፈው፤ ቸኩዬ አይደለም።

አንተ አሜሪካዊው፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከአፌ አውጣልኝ። ሙጫው ላይ አፍረህ ሰውየው ላይ ማፈር አቃተህ? የድሪስን ፎቶ ያወጣህበት ገጽ አለ። በዚያው ገጽ፣ በዚያው ስፋት፣ ካቴና የሌለበትን ፎቶውን አውጣ።

አንተ ፈረንሳዊው፣ ሲከሰስ ስሙን ለክብሩ ብዬ ደበቅሁ ትላለህ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ነጻ ሲወጣም ደበቅከው። እንግዲህ ስሙን ሙሉውን ጻፈው፦ ድሪስ አማዊ፣ የአሳንሰር ሠራተኛ፣ ማንንም አልገደለም። የእኔን ስም ተወው፤ በር ጠባቂዋ በለኝ። የእሱን ግን ፊት ገጽ ላይ ጻፍ።

ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ኪዮስኩ በር ላይ እቆማለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ጻፉት።