ፊንሌና የእናቱ ቃላት

ፊንሌ መጥቶ ከሴቶቹ ጠረጴዛ ቁጭ ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ የነገረው ሰው የለም። እዚህ ግላስጎው ባለው፣ ጌሊክ የሚባለውን የስኮትላንድ ደሴቶች ቋንቋ በምንናገር ሰዎች ማኅበር ውስጥ ያ ረጅም ጠረጴዛ የሴቶች ነው። እርጥብ የሱፍ ጨርቅ ዙሪያውን ይዘን፣ እናቶቻችን በየደሴቱ እንደሚያደርጉት፣ እንዲጠብቅ እየደበደብን እንዘፍናለን። እኔ አወጣለሁ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ።

«አንተ ሰውዬ! ቀሚስህን ቤት ረስተኸው ነው?» አለችው ፔጊ በጌሊክ።

እስከ ጆሮው ቀላ። ፈገግ አለና ጨርቁን ጨበጠ።

«ተይው ፔጊ፣ እጅ ይጨምርልናል» አሉ ሊቀመንበራችን ሽማግሌው ሙርዶ።

ከዚያ በኋላ አንድም ማክሰኞ አልቀረም። የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ አርባ አንድ ዓመቱ። ስሙም የአባቱ ስምም የደሴት ስለሆነ ሁላችንም በጌሊክ እናወራዋለን። እሱ ግን «እሺ» እና «በጣም ጥሩ» ከማለት አያልፍም። ዓይን አፋር ነው አልን። እኔማ... ዝምታውን ወደድኩት። ስዘፍን እያየኝ በትንሽ ደብተር የሆነ ነገር ይጽፋል። ስለ እኔ መሰለኝ! የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት እንደዚህ ስትሞኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በገና ሰሞን አንድ ምሽት አውቶቡስ አብረን ጠበቅን። ዝናቡ ይወርዳል። ልቤን ደፈር አደረግሁና በጌሊክ እንዲህ አልኩት፦

«ፊንሌ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ የእሱን ዘፈን ማውጣት አቅቶኝ ነበር። ዛሬ ያወጣሁት አንተ ስላለህ ነው።»

ፈገግ አለ።

«በጣም ጥሩ! በጣም ጥሩ!» አለኝና አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

እዚያው ዝናቡ ላይ ደርቄ ቀረሁ። የአባቴ ሞት «በጣም ጥሩ»?

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዘጋሁት። ሻይ ሲያመጣልኝ «አልጠጣም» አልኩት። ጎኔ ሊቀመጥ ሲል ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። ሁሉም ወንበር ማጠፍ ሲጀምር ግን መጥቶ ፊቴ ቆመ። በእንግሊዝኛ፣ በቀስታ...

«ኢሽቤል፣ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ግን ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

«ምንድን ነው?»

«ጌሊክ አልችልም። ከእነዚያ ከሁለቱ መልሶቼ በቀር አንድ ቃል እንኳ አልችልም። ሁላችሁም ስታወሩኝ... ለመናገር አፈርኩ።»

ደብተሩን ዘረጋልኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እንደሰማው የጻፋቸው ድምፆች ናቸው። ገጹ ሙሉ።

«እናቴ ናት» አለ። «መስከረም ላይ ስትሮክ መታት። እንግሊዝኛዋ ጠፋ፤ የቀረላት የልጅነቷ ቋንቋ ብቻ ነው። ለእኔ አላስተማረችኝም። አሁን ያለችው መጦሪያ ቤት ነው... ብቻዬን አልቻልኳትማ! በሄድኩ ቁጥር እነዚህን ቃላት እያለች ታለቅሳለች። እየረገመችኝ ይመስለኛል። እዚህ የመጣሁት አንዱን ቃል እንኳ ከሰው አፍ ብሰማው ብዬ ነው።»

ድምፅ አውጥቼ አነበብኩት። መጀመሪያ አልገባኝም። ደግሜ ሳነበው ገባኝ።

«ፊንሌ... እርግማን አይደለም።»

«ምን ትላለች?»

«"ልጁ የት አለ? ራቱን በላ?" ነው የምትለው።»

ያ ትልቅ ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ዓይኔን ለማሸሽ ገጹን ስገልጥ ሌላ ጽሑፍ አየሁ።

«ይሄ የእናትህ አይደለም» አልኩት።

«አይደለም። የአንቺ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሳይጠፋኝ ጻፍኩት። ፊትሽን ሳየው ተራ ነገር እንዳልነበረ ገባኝ።»

ተረጎምኩለት። ቃል በቃል፣ አንድም ሳልደብቅ። እሱም «በጣም ጥሩ» ማለቱን አስታወሰና ጭንቅላቱን ያዘ።

«ኢሽቤል! ይቅር በይኝ!»

እያለቀስኩ ሳቅሁ።

እሑድ አብረን ወደ እናቱ ሄድን። ኤፊ ይባላሉ፤ መስኮቱ አጠገብ ኩርምት ብለዋል። በጌሊክ ሰላም ስላቸው ፊታቸው በራ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የዩስት ደሴቱ የአንገስ ልጅ ነኝ፣ የጀልባ ሠሪው።»

«እህ! አያትሽን አውቃቸዋለሁ፤ ጥርሳም ነበሩ!»

ፊንሌ ከንፈሬን እያየ ይጠብቃል።

«ለምን አላስተማረችኝም? ጠይቂልኝ» አለኝ።

ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አሳዩኝ።

«ትምህርት ቤት ይሄን ቋንቋ ስናገር እዚህ ጋ ነበር የሚገርፉኝ። የልጄ እጅ እንዳይገረፍ ብዬ ነው።»

ስተረጉምለት መዳፋቸውን ሳመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«እዚህ ስላስገባኋት... ትቀየመኛለች?»

ስተረጉምላቸው አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የትም ያስቀምጠኝ። ብቻ እየመጣ ያናግረኝ።»

እናም አናገራቸው። ከገና በኋላ ባሉት ወራት ሁሉ ማክሰኞ ከሙርዶ፣ እሑድ ከእኔ ተማረ። አንድ ቀን እሱ ራሱ በተሰባበረ ጌሊክ «እማዬ፣ ራቴን በልቻለሁ» ሲላቸው፣ ኤፊ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ አልጠየቁም።

መጋቢት ላይ አረፉ። ማኅበራችን መቃብር ድረስ ሸኛቸው፤ በቋንቋቸው ዘመርንላቸው።

ከዚያ ፊንሌ ጠፋ። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...

«አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ሥራዬ አለቀ» አልኳት ፔጊን።

«እንግዲያው ኩራትሽን ታቅፈሽ አርጂ!» አለችኝ።

ተናድጄ ቤቱ ሄድኩ። በሩን ሲከፍት ጢሙ አድጓል፤ ከስቷል።

«ለምን ቀረህ?»

«ምን ብዬ ልምጣ? የማናግራት ሰው ሞታለች።»

«እኔስ?»

የበሩን እጀታ እንደያዘ፣

«አንቺ የምትመጪው ለእናቴ አዝነሽ ነው። አሁን ደግሞ ለእኔ እያዘንሽ እንድትኖሪ አልፈልግም።»

«የመጀመሪያው እሑድ ለእናትህ ነበር» አልኩት። «የቀሩት ግን በሙሉ ላንተ ነበሩ። አንተ ደንቆሮ!»

ደጁ ላይ እንደቆመ ቀጥ አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። በጌሊክ «እወድሻለሁ» ሲባል «ፍቅር በአንቺ ላይ አለኝ» ነው የሚባለው። እሱ ግን በጭንቀቱ...

«ፍቅር በእኔ ላይ አለኝ!» አለ።

በሳቅ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ራስህን ነው እኮ የወደድከው!»

«በአንቺ! በአንቺ ላይ! አንቺ!» ብሎ ጮኸ፤ ጎረቤቱ በር ከፍቶ አየን። እኔም እዚያው ጎረቤቱ ፊት አቀፍኩት።

መስከረም ላይ በማኅበሩ አዳራሽ ተጋባን። ሙርዶ መረቁን፤ ፔጊ ከሁሉም በላይ አለቀሰች።

ዛሬ ልጃችን ሦስት ዓመቷ ነው። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በአያቷ ቋንቋ ነው። አባቷ አሁንም ሰዋስው ይስታል። ትንሿ ኤፊ ወገቧን ይዛ «አባዬ፣ እንደሱ አይባልም!» ብላ ታርመዋለች። ፊንሌም እኔን እያየ ዓይኑ እንባ ያቀርራል... የደስታ እንባ።