ሁለተኛው መታጠፊያ

ሟቹ ምድር ቤት ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። አምስት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመድረኩ ወለል ላይ፣ የዕቃ ማውረጃው በር ወደ ታች ተከፍቶ ተንጠልጥሏል።

መርማሪዋ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እንዲያም ሆኖ ተንበረከኩ። የሟቹን ግራ እጅ አንሥተው መዳፉን እንደ መጽሐፍ ገልጠው አዩ። ለስላሳ፣ ነጣ ያለ መዳፍ ነበር። ቀኙንም አዩና እንደነበሩ መለሷቸው። ከደረት ኪሱ አንድ እጥፍ ወረቀት አውጥተው አነበቡና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ «ወንበር» አሉ።

ወንበሩን ያመጣችው አስተባባሪዋ ናት። ጉባኤውን ሦስት ቀን ያሯሯጠችው፣ ባጅ ያደለችው፣ የጠፋ ጃኬት ያፈላለገችው እሷ ነች። ዛሬ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ «የወለሉ በር ከታች ተቀርቅሯል» በሚለው ቅጽ ላይ የፈረመችውም እሷው ናት። ባልደረቦቿ «ድጋሜ» ይሏታል፤ ሁሉን ነገር ሁለቴ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ዛሬ ግን የእንግዶቹ አውቶቡስ ቀድሞ ደረሰና መቀርቀሪያውን አንዴ አይታ ሮጠች። አንዴ ብቻ።

ጉባኤው ዕቃ ሳይሆን ስሜት የሚሸጡ ሰዎች ጉባኤ ነው፤ መዝናኛ ፓርክ ያላቸው፣ ሰውን ክፍል ውስጥ ቆልፈው ፍንጭ እየሰጡ የሚያስወጡ፣ ተመልካቹን ከክፍል ክፍል እያዞሩ ቴአትር የሚያሳዩ። የዘንድሮው መነጋገሪያ «የጨለማው መንገድ» ነበር። ከትልቁ አዳራሽ ጎን ባለው ትንሽ አዳራሽ መድረክ ላይ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ሦስት ጊዜ የሚታጠፍ፣ ቅንጣት ብርሃን የማይገባው ጠባብ መተላለፊያ። ከፊት ዓይነ ስውር መሪ ይሄዳል። የቀሩት ቀኝ እጃቸውን ከፊታቸው ባለው ሰው ትከሻ፣ ግራቸውን በግድግዳው የእንጨት መደገፊያ ላይ አድርገው ይከተሉታል። መግቢያውም መውጫውም ከውጭ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው አስተባባሪዋ አንገት ላይ ነው።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አራት ሰዎች ገቡ። መሪው፣ ከእሱ ቀጥሎ ፓርክ ያላቸው እንግዳ ሴት፣ ከዚያ የመንገዱ ፈጣሪ የሚባለው ታናሽ ወንድም፣ በመጨረሻ የድርጅቱ ባለቤት የሆነው ታላቅየው። ሦስቱ ወጡ።

መርማሪዋ አምስቱን ሰዎች፣ አናጺውን ጨምረው፣ መስኮት በሌለው የመድረክ ጓዳ ሰበሰቡና በሩን አስዘጉ። ከግድግዳው ወዲያ ትልቁ አዳራሽ ያጨበጭባል፤ እዚያ ሰው መሞቱን ገና የሰማ የለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ታናሽየው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የዓመቱን ሽልማት ሊቀበል ነበር።

አስተባባሪዋ መጀመሪያ ተጠራች።

«ዘግተሽዋል?»

«ዘግቻለሁ። ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል የሚባል መቀርቀሪያ አላውቅም።»

«እትዬ፣ ብረቱ አሁንም እጄ ላይ ይሰማኛል። ወዲያው ደግሞ የትናንቱ ይሆን እላለሁ።»

«ሳትዘጊ ፈርመሽ ከሆነ፣ ልጄ፣ ዛሬ ቤትሽ አታድሪም። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም።»

የአንገቷ ቁልፍ ድንገት ከበዳት። ሰው ሲቆለፍበት ስትሰማ ሁልጊዜ በሩን የምታየው ከውጭ በኩል ነበር፤ አሁን ከውስጥ ታያት።

«መውጫው ላይ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«መሪው ሦስት ጊዜ ሲያንኳኳ ከፈትኩ። መሪው ወጣ፣ እንግዳዋ ወጡ፣ ታናሽየው ወጣ። አጠገቤ ቆሞ ወደ ጨለማው ‹ወንድም ጋሼ፣ ና እንጂ› እያለ ተጣራ። መልስ ሲጠፋ መብራት አስበራሁ። ከዚያ በኋላ ከጎኔ አልተለየም።»

እውነት ነው። እየተናገረች ግን እውነቱ አንገቷ ላይ ሲጠብቅ ታወቃት። ታናሽየው ከጎኗ ከነበረ፣ የቀረው የእሷ መቀርቀሪያ ብቻ ነው።

እንግዳዋ ግራ እጃቸውን በእርጥብ ሶፍት እያሹ መጡ። «ሦስት ቀን በክብር አስተናግዳችሁ መጨረሻ ላይ እጄን አጠቆራችሁት! ይኸው፣ አይለቅም።»

«ውስጥ ምን ነበር?»

«ጨለማ ነዋ! ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ባቡር መጣብኝ፤ ድምፁን ማለቴ ነው። ግማሽ ደቂቃ ጮኸ። የመሪውን ሸሚዝ ጨምድጄ ልቀደው ምንም አልቀረኝ።»

ታናሽየው ዓይኑ ቀልቶ ቀረበ። «ወንድም ጋሼ እስከ መውጫው ከኋላዬ ነበር። እጁ ትከሻዬ ላይ ነው። ግራ እጁ መደገፊያውን እየዳበሰ ሲመጣ እስከ በሩ ድረስ እሰማው ነበር። በሩ ሲከፈት ለቀቀኝ። ዞር ብል የለም። ምን እንዳስመለሰው እንጃ።»

ሲመለስ አስተባባሪዋ ፊት ቆመ። «እህቴ፣ አልፈርድብሽም። ሰው ነሽ፤ ሰው ይረሳል» አላት።

ምናልባት እውነቱን ነው፤ ምናልባት ረስታለች።

አናጺው ግን ሳይጠየቅ ነው የጀመረው። «እኔ የሠራሁት ጣውላ ሰው አይጥልም! የወለሉ በር የድሮ ነው፤ እኔ አልነካሁትም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ከግራ በኩል ያለችው ጎድጓዳ ጥግ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ መደገፊያው አንድ እርምጃ ያህል ይቋረጣል፤ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል።»

«መደገፊያውን መቼ ቀባኸው?»

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ። የትናንት እንግዶች ሲያሹት ውለው ነጩ እንጨት ብቅ አለ። ከሁለተኛው መታጠፊያ እስከ መውጫው ብቻ ነው የቀባሁት፤ የፊተኛው ደህና ነበር። አልደረቀም ብዬ ነበር፤ ማን ይሰማኛል?»

«ስትቀባ የት ቆምክ?»

«መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ እኔና ቆርቆሮው አብረን አንገባም። መጀመሪያውን እዚያችው ጥግ ውስጥ ቆሜ ቀባሁት።»

መርማሪዋ ቦርጩን ቃኙት። «ስንት ኪሎ ነህ?»

«አሁን ይሄ የምርመራ ጥያቄ ነው?» አኮረፈ። «ዘጠና ሁለት። ከነቆርቆሮው መቶ በሉኝ።»

«የምድር ቤቱ ቁልፍስ?»

«ቢሮ ውስጥ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ያሻው ያነሣዋል።»

መሪው ሳይደናቀፍ መጥቶ ወንበሩን በጣቱ ጫፍ አግኝቶ ተቀመጠ። «በየመታጠፊያው እቆማለሁ። የመጨረሻው ሰው ከፊቱ ያለውን ትከሻ ሁለቴ ይጨምቃል። ጭመቃው ከአንዱ ወደ አንዱ አልፎ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም አሉ ማለት ነው፤ እቀጥላለሁ።»

«ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደርሶሃል?»

«ደርሶኛል። ባይደርሰኝ አልንቀሳቀስም።» ከዚያም ጨመረ፤ «ጋሼ ደግ ሰው ነበሩ። ትናንት አንድ ነገር ሊያደርጉልኝ አስበው፣ ይተዉት ብዬ ለመንኳቸው።»

«ወረቀቱን አግኝቼዋለሁ» አሉ መርማሪዋ ቀስ ብለው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉንም ወደ መድረኩ አወጧቸው። መብራት በርቶበት ሲያዩት የጨለማው መንገድ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላ ብቻ ነበር፤ አስተባባሪዋን ግን አሁንም ያፍናታል። ሁለት ፖሊሶች መግቢያው ላይ ቆመዋል። አንዱ አስተባባሪዋ የፈረመችበትን ቅጽ ይዟል።

መርማሪዋ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። «መጀመሪያ የዚህችን ልጅ ነገር እንጨርስ። ሁለት ሰዓት ላይ ቀረቀርኩ ብላ ፈረመች። ሦስት ሰዓት ላይ ይሄ ዘጠና ሁለት ኪሎ ሰው ከነቆርቆሮው በሩ ላይ ቆሞ ቀለም ቀባ። በሩ ወደ ታች ነው የሚከፈተው። ያልተቀረቀረ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናለቅሰው ለአናጺ ነበር።»

«አፌ ቁርጥ ይበልልሽ!» አለ አናጺው ወደ አስተባባሪዋ ዞሮ፣ ሆዱን እየዳበሰ።

አስተባባሪዋ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዘግታዋለች። አንዴ ብቻ አይታ፣ ዘግታዋለች።

«ስለዚህ ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ሰው ወርዶ መቀርቀሪያውን ስቧል። ማን ነው? ግራ እጃችሁን ዘርጉልኝ።»

እንግዳዋ ዘረጉ፤ ታሽቶም ጥቁር። መሪው ዘረጋ፤ ጥቁር። ታናሽየው ዘገየ። ዘረጋ፤ ጥቁር።

«እርጥቡ ቀለም ከሁለተኛው መታጠፊያ እስከ መውጫው ነው ያለው። ያንን መደገፊያ ይዞ የወጣ ሁሉ እጁ ጠቁሯል። የሟቹን መዳፍ እኔ ራሴ አየሁት፤ ነጭ ነው። ከሁለተኛው መታጠፊያ አላለፈም።»

«ምናልባት መደገፊያውን አልያዘ ይሆናል» አለ ታናሽየው።

«እስከ በሩ እየዳበሰ ሲመጣ ሰማሁ ያልከው አንተ ነህ።»

«ተደናግጬ ነበር፤ ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሁን፤ ጆሮ ይሳሳታል። ትከሻህስ? ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጭመቃው ከኋላ መጥቶ መሪው ደርሶታል። ወንድምህ ያን ጊዜ ምድር ቤት ነበር። ታዲያ ጭመቃውን ማን ጀመረው?»

እንግዳዋ ከአጠገቡ አንድ እርምጃ ሸሹ። «እኔን የጨመቀኝ እሱ ነው» አሉ፣ ትከሻቸውን ይዘው።

«የምድር ቤቱን ቁልፍ ከምስማሩ አንሥተህ መቀርቀሪያውን የሳብከው አንተ ነህ። ባቡሩ ሲጮህ ወንድምህን ክንዱን ይዘህ ወደ ግራ መራኸው። ጨለማ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ነህ፤ አመነህ። ከዚያ ብቻህን እስከ መውጫው መጣህና ለእጁ መሰከርክለት። እስከ በሩ በሕይወት ነበር ከተባለ፣ ከጎንህ የቆመችው ይህቺ ልጅ ንጹሕ ምስክርህ ትሆናለች፤ ጥፋቱ ደግሞ የእሷ። ለምን እሷን መረጥካት? ድጋሜ የምትባል ሰው ‹እርግጠኛ ነሽ?› ስትባል ‹እርግጠኛ ነኝ› እንደማትል ታውቃለህ። ማንም ሳይከሳት ራሷን እንድትከስ ነው።»

ወረቀቱን ከቦርሳቸው አወጡ። «ዛሬ ሊያነበው የነበረው ንግግር ነው። ‹ይህን መንገድ ያሰበው ወንድሜ አይደለም። እኛ የፈራነውን ጨለማ ቤቱ ያደረገው፣ ከፊት የሚመራን ሰው ነው። ሽልማቱ የእሱ ነው› ይላል።»

መሪው አንገቱን ደፋ። «ይተዉት፣ ወንድምዎን አያሳፍሩ ብያቸው ነበር።»

«አንድ ቀን ዝም ቢለኝ ምን ነበረበት?» ታናሽየው የጮኸ መስሎት ነበር፤ ድምፁ ግን ከሹክሹክታ አልዘለለም። «ሦስት መቶ ሰው ፊት! የእናቴ ልጅ!»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት የሄዱት በጎን በር ነበር። ከግድግዳው ወዲያ አዳራሹ እያጨበጨበ ነው።

«ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው» አለች አስተባባሪዋ። «ሰዎቹ ሽልማት ይጠብቃሉ። ምን ልበላቸው?»

«የሆነውን። ይሄንንም አንብቢላቸው፤ ስትጨርሺ ትመልሽልኛለሽ።» ወረቀቱን ሰጧት። ቅጹንም ከፖሊሱ ተቀብለው ጨመሩላት። «መጀመሪያ ግን ሌላ ሰው ሳይወድቅ ያንን በር ዝጊልኝ። የምንፈልገውን ፎቶ አንሥተናል።»

ምድር ቤት ወረደች። አስከሬኑ ተነሥቷል። በመሰላሉ ወጥታ በሩን ወደ ላይ ገፋችና ብረቱን ቀረቀረችው፤ ቀጭ አለ። ወርዳ ደረጃው ጋ ደረሰች። ቆመች። ተመልሳ መሰላሉን ወጣች፣ ብረቱን በእጇ ጨበጠችው፣ ነቀነቀችው። አልተነቃነቀም።

«ስንት ጊዜ አየሽው?» አሉ መርማሪዋ ከላይ፣ ከደረጃው አፍ።

«ሁለቴ።»

«እሰይ።»

ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸውና ወደ አዳራሹ ሮጠች። መሪው ማይክሮፎኑ ጋ እየጠበቃት ነበር።