አርባ ዘጠነኛው ቀን

እሁድ የተቀበሩት ሰው ሐሙስ ልክ በስድስት ሰዓት «ደህና ነኝ፤ ሁሉም አልፏል» የሚል መልእክት ላኩ።

ሳሎን ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። የአራቱም ስልክ እኩል ጮኸ። አራቱም ወለል ወለሉን አዩ እንጂ ማንም እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ የጫማዋን ጭቃ ስትጠርግ ይህን አየች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ያም ሆኖ የክንዷ ጸጉር ቆመ።

«ማሽናቸው ነው» አለ አንደኛው ቀስ ብሎ። «በየቀኑ እሳቸው የፈጠሩትን የኮምፒውተር ቋንቋ ይፈትንና ውጤቱን በስማቸው ይልካል። እንዲህ ብሎ እንዲናገር ያደረጉት ራሳቸው ናቸው። ቀልድ ነበር።»

«ለምን አታጠፉትም ታዲያ?»

«ማን ደፍሮ?» አለች ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት።

ጣቢያ ውስጥ ባልደረቦቿ መርማሪዋን «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ስሙን አትወደውም፤ መጠየቁን ግን አትተውም።

ሟቹን ሰው ሁሉ ጋሼ ነበር የሚላቸው። ኮምፒውተር የሚታዘዝበትን አንድ የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠሩ ሰው ናቸው። ቋንቋው ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይጠቀምበታል፣ የፈለገ ውስጡን ገልጦ ያየዋል፣ ብልሽት ያገኘ ደግሞ በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶ ይልካል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ እዚሁ ቤት በሦስት ሰዎች ይሠራል። መዝጋቢዋ የመጡትን ሪፖርቶች ትለያለች፤ ጠጋኙ ብልሽቱን ያስተካክላል፤ ቁልፍ ያዡ የተስተካከለውን በአዲስ ቨርዥን፣ ማለትም ቁጥር በተሰጠው አዲስ እትም፣ ያወጣል። አራተኛዋ የጋሼ ታላቅ እህት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ መስኮት በሌለው የጓሮ ክፍላቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። የጋዝ ማሞቂያው ይነድዳል፤ የክፍሉን አየር የሚቀይረው ማራገቢያ ግን ቆሟል። ሐኪሙ ሽታ በሌለው መርዘኛ ጋዝ ታፍነው ነው አለ። ጣቢያው «አደጋ» ብሎ ጽፎ ፋይሉን ሊዘጋ ሲል፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እትዬ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ።

አሁን ማዕድ ቤት ውስጥ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ወንድሜ ንቆኝ ነው የሞተው ወይስ ሳይሰማኝ? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ከመጀመሪያው ያጫውቱኝ፣ እትዬ።»

«ማራገቢያውን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ በራሱ ቋንቋ ነው የጻፈለት። አንድ ቀን ቀጥ አለ። ነቅሎ ሰካው፣ ሠራ። ቆይቶ ደግሞ ቀጥ አለ። እኔ መቼስ ክር ስቆጥር ያረጀሁ ነኝ፤ የቀን መቁጠሪያውን ባየው በመሃሉ አርባ ዘጠኝ ቀን። ብነግረው ሳቀብኝ። ‹በአፍ የመጣ ብልሽት ብልሽት አይደለም፤ እንደ ሰው ቅጹን ሙዪ› አለኝ። እናታችን ከመቃብር ብትነሳ እንኳ ቅጽ ሳያስሞላ አያስገባትም!»

«ሞሉት?»

«አራት ሳምንት ከጨቀጨቅኩት በኋላ ሞላሁት። ቅጹ የቤትህን ጣጣ ተወው፣ ብልሽቱን ብቻ ጻፍ ይላል። ‹ሳይጠፋ አርባ ዘጠኝ ቀን የሠራ ማሽን ቀጥ ይላል› ብዬ ላክሁ። ስሜንም አልጻፍኩ። ሦስተኛው አርባ ዘጠኝ የሚሞላው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ምሳ ላይ ‹ነገ ነው› ስለው፣ ‹ሞልተሽ የለ? ነገር ቢኖረው ልጆቹ ይነግሩኝ ነበር› አለኝ። ቅዳሜ የታመመች ዘመድ ልጠይቅ ወጣሁ። ስመለስ…»

ስመለስ ያሉትን አልጨረሱትም። መርማሪዋም እንዲጨርሱ አልጠየቀችም፤ ወረቀቱን አነሳች። ከእትዬ ሪፖርት ሥር በጋሼ ስም እንዲህ የሚል መልስ አለ፦ «ራሴ ሞክሬዋለሁ። እኔ ማሽን ላይ ይሠራል። ብልሽት አይደለም፤ ተዘግቷል።» ቀኑ ከመሞታቸው ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከመልሱ አናት ላይ በደቃቅ ፊደል «ቨርዥን ሰባት ነጥብ ሁለት» ይላል።

«ይሄን መልስ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት። ከዚያ በፊት ‹ታገሺ› እያለኝ፣ ዓይኔም ደክሞ፣ አላየሁም። አየሽው አይደል? ንቆኛል! እያወቀ ንቆኛል።»

መርማሪዋ የጓሮውን ክፍል ብቻዋን አየች። ሹራባቸው ወንበሩ ላይ ነው፤ መነጽራቸው ክንፉን ዘርግቶ በጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ማሞቂያው ጠፍቷል፣ ማራገቢያው ግን በባዶ ክፍል ይሽከረከራል። መቆሙን ማየት አልቻልኩም ብለው ነቅለው የሰኩት እትዬ ናቸው። አየሩ አንገቷን ሲነካት ሰው ከኋላዋ የተነፈሰ መስሏት ዞር አለች። ማንም አልነበረም። ከማሞቂያው አጠገብ ግን ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ከሌላው የነጣ ቦታ አየች። ሁለተኛ ጠረጴዛ ነበረበት ማለት ነው። ጠረጴዛው አሁን ኮሪደር ላይ፣ ንፋስ በሚገባበት በር ሥር ተቀምጧል።

መጀመሪያ መዝጋቢዋን አስጠራች።

«ይሄን ሪፖርት እንዴት አላየሽውም?»

«ያን ሰሞን እረፍት ላይ ነበርኩ። ሳይለይ የቆየ ሪፖርት የሚታየው ለጋሼና ለተረኛው ብቻ ነው። ተረኛው ጠጋኙ ነበር።»

«እስቲ አንድ ብልሽት መዝግቢልኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ሳሎኑ ሶፋ። ወገቤን ጎድቶኛል።»

መዝጋቢዋ ከእሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና ቅጹን ከፈተች። ገና አንድ ፊደል ሳትነካ አናቱ ላይ «ቨርዥን ስድስት ነጥብ ዘጠኝ» የሚል መስመር መጣ።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«ማሽኑ። የምሠራበት ቨርዥን ነው። ሰው ቨርዥኑን ይረሳል፣ አንዳንዴም ይዋሻል፤ ስለዚህ ጋሼ ነገሩን ከሰው እጅ አወጡት። እኔ አሮጌው ላይ ነው የምቆየው፤ ሪፖርት የሚልኩልን ሰዎች ያሉት እዚያ ስለሆነ።»

«ቀኑንስ?»

«ቀኑ ይቀየራል። የድሮ መዝገብ ስናስገባ ያስፈልገናል።»

«የጋሼን ፓስወርድ ማን ያውቃል?»

«የማያውቀው ማን አለ? ኪቦርዳቸው ሥር ተለጥፏል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰኞ ተተኪያቸውን ሊናገሩ ነበር። ሁላችንም ጠጋኙ ነው ብለን ነበር።»

ቁልፍ ያዡ ግንባሩን ቋጥሮ ገባ።

«ከጋሼ ጋር ትጣላ ነበር ይላሉ።»

«በየቀኑ። የተጣላንበት ምክንያት ሲያልቅብን ትናንት የታረቅንበትን አንስተን እንጣላ ነበር። ማን ሊጣላኝ ነው አሁን?» ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ሰባት ነጥብ ሁለትን መቼ አወጣኸው?»

«ማክሰኞ። ስማቸውን ፊቱ ላይ ጽፌ።»

«ከዚያ በፊት ሰባት ነጥብ ሁለት የሚል ማሽን ሊኖር ይችላል?»

«በጭራሽ። ቁጥሩን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ በሚወጣበት ዕለት። እስከዚያ ‹ረቂቅ› ነው የሚባለው። እኔ ራሴ ሁልጊዜ ረቂቁ ላይ ነኝ።»

እሱም ስለ ሶፋው ሪፖርት ጻፈላት። አናቱ ላይ እንዳለው «ረቂቅ» ይላል።

ጠጋኙን ኮሪደር ላይ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ አገኘችው። እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ነበር።

«ሙት ወቃሽ አልሁን እንጂ ጋሼ ግትር ነበሩ» አለ ሳይጠየቅ። «ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ ግን ሪፖርቱን ሳላየው ቀድመውኝ ዘጉት።»

«ስለ ሶፋው አንድ ሪፖርት ጻፍልኝ፤ ከሁሉም እየሰበሰብኩ ነው።»

ጣቶቹ ፈጣን ናቸው። «ቨርዥን ሰባት ነጥብ ሁለት» ብሎ ጀመረ ማሽኑ።

«አዲሱን ቶሎ ትጭናለህ።»

«በወጣበት ዕለት። የእኔ ሥራ ነው እኮ፤ ሰዓት ቆጣሪውን ሙሉ በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ጠረጴዛህን ከጋሼ ክፍል መቼ አወጣኸው?»

«ባለፈው ሐሙስ። ሙቀቱ በዛብኝ።»

መርማሪዋ ካፖርቱን አየች። ግቢው ውስጥ በባልዲ የተቀመጠው ውሃ ከጠዋት ጀምሮ በረዶ እንደሆነ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ አራቱንም ጓሮ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የጋሼን ወንበር ማንም አልነካውም፤ ግድግዳ ታክከው ቆሙ። ማራገቢያው ከላያቸው ይሽከረከራል።

«የእናንተ ቅጽ ሦስት ነገር ይጠይቃል» አለች። «ምን ተደረገ፣ ምን ይጠበቅ ነበር፣ ምን ሆነ። እኔም እንደዚያው ላስረዳ። እትዬ ሪፖርት ላኩ። ጋሼ ንቀው ዘጉት ተባለ። ታዲያ በገዛ እጁ የዘጋ ሰው ዓርብ ዕለት ‹ነገር ቢኖረው ልጆቹ ይነግሩኝ ነበር› ይላል? ይህ ሪፖርቱን ያላየ ሰው ንግግር ነው።»

እትዬ ቀና አሉ።

«የመልሱ ቀን ከሦስት ሳምንት ከምናምን በፊት ነው፤ ቀን ግን ይቀየራል። ቨርዥኑን የሚጽፈው ማሽኑ ነው፤ ሰባት ነጥብ ሁለት ይላል። ሰባት ነጥብ ሁለት የተወለደው ማክሰኞ ነው፤ ጋሼ የሞቱት ቅዳሜ። ሟች ካልተነሳ በቀር መልሱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።»

«የእሳቸው ማሽን ቢሆንስ?» አለ ጠጋኙ። «በራሱ ይልክ የለ እንዴ!»

«የዛሬውን መልእክት ማንም ከፍቶ አላነበበም፤ እኔ ግን የእትዬን ስልክ ለምኜ አነበብኩት። ግርጌው ላይ ሰባት ነጥብ አንድ ይላል። የጋሼን ማሽን የነካው የለም። መዝጋቢዋ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ናት። ቁልፍ ያዡ ረቂቅ ላይ ነው። በዚህ ቤት ሰባት ነጥብ ሁለት ላይ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። ሦስታችሁም ስለ ሶፋው በገዛ እጃችሁ ጽፋችሁልኛል።»

መርማሪዋ ወደ ጠጋኙ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ይህ ውሸት ነው፤ ግድያ አይደለም። ብልሽቱን አስቀድመህ ባታውቀው ኖሮ ደንግጠህ ዋሸህ እል ነበር። ግን ብርዱ በበረታበት ሳምንት፣ ቀኑ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠረጴዛህን ከማሞቂያው አጠገብ አንስተህ ንፋስ ላይ አስቀመጥከው። ራስህን አወጣህ። እሳቸውን ተውካቸው። ለምን?»

ጠጋኙ ቀና ብሎ ማራገቢያውን አየ።

«ሪፖርቱን ባየሁ ዕለት ሰዓቱን ወደፊት ገፍቼ ሞከርኩት» አለ። «እውነት ነበር። ቆጣሪው ሞልቶ ይቆማል። ጋሼ ካወቁ ስሜ ይጠፋል። ማስተካከያ ባስገባ ደግሞ ለምን ብለው ይጠይቁኛል። ሰኞ እስኪናገሩ ብቻ… ሰኞ ልነግራቸው ነበር! ቅዳሜ ቢቆምም ራሳቸውን ሲያማቸው ይወጣሉ ብዬ ነበር።»

«ልጄ» አሉ እትዬ፣ «ቅዳሜ ከሰኞ እንደሚቀድም አጥተኸው ነው?»

ጠጋኙ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። እትዬም አለቀሱ፤ ግን ያለቀሱት ከሳምንቱ ለቅሶ ሁሉ የተለየ ነበር። ወንድማቸው አልናቃቸውም። ልጆቹን አምኖ ነው የሞተው። ይህን ማወቃቸው አሳረፋቸው፤ ማረፋቸው ደግሞ መልሶ አንገበገባቸው።

መርማሪዋ ካቴናውን ስታወጣ መዝጋቢዋ ፊቷ አመድ መስሎ ተናገረች።

«ቆይ፣ ብልሽቱ እኮ አሁንም አለ። ሰባት ነጥብ ሁለትም ውስጥ አለ። በዚህ ቋንቋ የሐኪም ቤት መተንፈሻ የሚያንቀሳቅሱ አሉ። የማን ማሽን ዛሬ አርባ ስምንተኛ ቀኑ ላይ እንዳለ አናውቅም።»

«እኔ ብነካው ሳምንት ይፈጅብኛል» አለ ቁልፍ ያዡ። «ያን ክፍል ከእሱ በቀር አብጠርጥሮ የሚያውቀው የለም።»

ሁሉም ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ሰው አዩ። እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና የወንድማቸውን ሹራብ ከወንበሩ ላይ አንስተው አቀፉት።

«ተነስና ወንበሩ ላይ ተቀመጥ» አሉት።

«እዚህ? እትዬ፣ እዚህ አልችልም።»

«እዚህ። አንድ ሰው መሞቱ ይበቃል።»

መርማሪዋ ደንቡን ታውቀዋለች፤ የተያዘ ሰው ወዲያው ወደ ጣቢያ ይወሰዳል። ያም ሆኖ ካቴናውን ወደ ኪሷ መለሰችና በሩን ተደግፋ ቆመች።

የዚያ ቤት ሕግ ብልሽት ከመጠገኑ በፊት መበላሸቱን የሚያሳይ ፈተና ይጻፍ ይላል። ጠጋኙ ጻፈው፤ ሰዓቱን እስከ አርባ ዘጠነኛው ቀን ገፋው። ስክሪኑ ላይ ይሮጥ የነበረው ቁጥር ቀጥ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ከኋላው።

«መቆሙ ነው።»

«ቅዳሜ የሆነው ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ቁጥሩን ረጅም ጊዜ አዩት።

«በል አሁን አስተካክለው። እየነገርከኝ፣ እኔ እንዲገባኝ አድርገህ።»

እንባው ኪቦርዱ ላይ እየወረደ፣ አንዱን መስመር ከሌላው እያስከተለ ያስረዳቸው ጀመር። ያልገባቸው በመጣ ቁጥር እትዬ «ድገመው» ይሉታል፤ እሱም ይደግምላቸዋል።