የአፋፍ ማርያም ሁለተኛ ቄስ

«ዲያቆን! እሱን ነው ቋጠሮ የምትለው?»

ጣሪያው ላይ የነበረው ልጅ ወደ ታች አየ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ የጓሳ ሣር ነዶ በትከሻዋ የተሸከመች ቀጭን ጠይም ልጅ አንጋጣ ታየዋለች።

«ምን አለው?» አላት።

«ምንም። የመጀመሪያው ነፋስ የእማሆይን ጣሪያ ይዞ መርሐቤቴ ይወርዳል እንጂ ምንም የለበትም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የቤቱ ባለቤት እማሆይ አመተሥላሴ እንኳ በሰማንያ ዓመታቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ቋጠሮውን ፈታና እንደገና አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አሁንስ?» አላት።

ልጅቱ፣ እፀገነት፣ የተሸከመችውን ነዶ አቀበለችው። ሲነግሩት የሚሰማ ወንድ ከዚያ በፊት አላጋጠማትም።

ሬዲዮው ሁለት ሺህ ዓመት ሊገባ ነው እያለ የሚለፍፍበት ዘመን ነበር። እፀገነት ሞላሌ ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ የምትሰፋ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ሲሞቱ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ንባቡን ግን አልተወችውም። ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር እግሯ መኪናውን እየረገጠ ዓይኗ ያነብባል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የበጎ አድራጎት ክፍል ኃላፊ የሆነችውም ሌላ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ እሷ ያለችበትን ስብሰባ ሌላ ሰው ሊመራው ስለማይችል ነው።

«መዝሙር ብቻውን አያጸድቅም» ብላ ወጣቶቹን አሰለፈቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት በእግራቸው እየተጓዙ አፋፍ ማርያም ወደምትባል የገጠር ደብር ይሄዳሉ። የጧሪ አልባዎችን ቤት ይጠግናሉ፤ የመበለቶችን ገብስ ያጭዳሉ፤ ልጆቹን ፊደል ያስቆጥራሉ።

ደብሯ እንደ ስሟ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ታቦቷ አለች፣ ዲያቆናትም አሉ። ቅዳሴ ግን ከቀረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ ቄሶች አንዱ ካረፉ ወዲህ የቀሩት መምሬ ገብረ ክርስቶስ ብቻ ናቸው። ክርስትና የሚነሣ ሕፃን መቁረብ ስላለበት በእናቱ ጀርባ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ወዳለው ደብር መውጣት አለበት። ክረምት ወንዙ ይሞላል፤ በጋ ውርጩ ያስፈራል። ወንዶቹ አርባ ቀናቸው፣ ሴቶቹ ሰማንያ ቀናቸው አልፎ በየቤቱ ይጠብቃሉ።

የጣሪያው ልጅ ዲያቆን አስቻለው ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ቅዳሴውን ከነዜማው ጠንቅቆ ያውቃል። ቄስ ለመሆን የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ሚስት። ዲያቆን አግብቶ ይቀስሳል እንጂ ቀስሶ አያገባም። ያውም አንዴ ብቻ። ሚስቱ ብትሞትበትም፣ ጥላው ብትሄድም ሌላ የለም። በመንዝ ምድር ሌላው ሰው በሰማንያ ተጋብቶ በሽማግሌ ሲፋታ፣ መመለሻ የሌለው የቄስ ትዳር ነው።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አስቻለው በየገበያው ቀን ሞላሌ ይታይ ጀመር። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃ ለስፌት አመጣ። ቀጥሎ የቅዳሴ ካባ። ቀጥሎ የራሱን ጃኬት። ጃኬቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እፀገነት ገልብጣ አየችው።

«ይኼን ብብት ባለፈው በድርብ ክር ነው የሰፋሁት።»

«እንግዲህ ለቀቀ።»

«ድርብ ስፌት አይለቅም። በመርፌ ተተርትሯል። አይጥ ናት እንዳትለኝ ብቻ፤ አይጥ መርፌ አትይዝም።»

አስቻለው አንገቱን ደፋ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«ታዲያ ልሂድ?»

«ስፌቱ ሳያልቅ ወዴት? ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። እፀገነት፣ ሙሉ ሱሪ በአንድ ሰዓት የምትጨርሰው ልጅ፣ ለአንድ ብብት አንድ ሰዓት ፈጀች።

በመስከረም ወሬ መጣ። ጥቅምት ሲያልቅ ጳጳሱ መሐል ሜዳ ከተማ መጥተው ክህነት ይሰጣሉ ተባለ። ያ ዕድል ካለፈ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ሽማግሌዎች፣ መምሬ ገብረ ክርስቶስን ከፊት አስቀድመው፣ ከእፀገነት እናት ከወይዘሮ በዛወርቅ ቤት ገቡ።

«በዛወርቅ፣» አሉ መምሬ፣ «አፋፍ ማርያም ቅዳሴ ካጣች ሁለት ዓመት ሆናት። አምስት ሕፃናት ክርስትና ሳይነሡ ተቀምጠዋል። ጳጳሱ ሊመጡ ነው፤ ልጁ ካላገባ አይቀስስም። ያንቺ ልጅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት። ለታቦቷ ስትዪ ስጪን።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱም ክፋት አልነበረበትም። ለአንዲት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም ብለው ነው። ልጁ ይወዳታል ብሎ በሽማግሌ ፊት ማውራት ዋዛ ነው፤ በታቦት ስም መለመን ግን ትልቅ ነገር ነው።

እፀገነት ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች። ስሟ እስኪጠራ ጠበቀች። አንድም ጊዜ አልተጠራም። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አንቺ! ምን ነክቶሻል?» አሉ እናቷ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምሬ። ልጁ የሚፈልገው ሚስት ነው ወይስ ክህነት?»

«ልጄ፣ ሁለቱ አንድ ነው።»

«ለእርስዎ አንድ ነው። ለእኔ ሁለት ነው። ቤተ ክርስቲያንን በእጄም በእግሬም አገለግላለሁ፤ ካስፈለገም ድንጋይ በጀርባዬ እሸከምላታለሁ። ወደ ክህነት መውጫ መሰላል ግን አልሆንም።»

ሽማግሌዎቹ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። እናቷ ሁለት ቀን አላናገሯትም።

በገበያው ቀን አስቻለው መጣ። ያን ቀን የተቀደደ ነገር አልያዘም።

«ሽማግሌዎችህ ስለ ታቦቷ ነገሩን፣ ስለ ሕፃናቱ ነገሩን፣ ስለ ጳጳሱ ነገሩን» አለችው። «አንተስ ምን አልክ?»

«ሽማግሌ ልኬ እኔ ልናገር? ነውር ነው እኮ፣ እፀገነት።»

«እሺ። ሽማግሌዎቹ ሄደዋል። እኔና አንተ ነን። ጳጳሱ ባይመጡ ኖሮ ሽማግሌ ትልክ ነበር?»

አስቻለው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ዓይኗን አየ፤ ከዚያ መሬቱን። በጎች የሚነዳ ሰው በፊታቸው አለፈ፣ በጎቹም አለፉ፣ አቧራውም ተቀመጠ፤ እሱ አሁንም ዝም እንዳለ ነው።

«መልሴን አግኝቻለሁ» አለችና መኪናውን ረገጠች። መርፌው ጣቷን ወጋት። እሱ ከዓይኗ እስኪርቅ ድረስ ደሟን አልጠረገችም።

ደብሩ ለአስቻለው ሌሎች ሁለት ልጃገረዶች አቀረበለት። አልፈልግም አለ። ጳጳሱ መጡ፤ ከየደብሩ የመጡ ዲያቆናት ቀስሰው ተመለሱ። አስቻለው አልሄደም። ጳጳሱም ተመለሱ።

ወሬው ሞላሌ ሲደርስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አብሮ ተነግሮ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዋ መሲ መንገድ ላይ ክንዷን ያዘቻት።

«ዛሬስ ባንሄድ? ድንጋይ ነው የሚጠብቀን።»

«ድንጋይ ከሆነ ለእማሆይ ግድግዳ ይሆነናል። እኛ የምንሄደው ልንወደድ ነው እንዴ? ተነሽ!»

ድንጋይ አልጠበቃቸውም። ሰላምታ ግን አጡ። ድሮ ከሩቅ እልል ብለው የሚቀበሏቸው ሴቶች ወደ ሥራቸው አጎነበሱ። አንዲት እናት፣ ክርስትና ያልተነሣች ልጇን እንዳዘለች፣ እፀገነት አጠገብ ስትደርስ ፊቷን አዞረች።

እፀገነት ጭቃ አቡክታ የእማሆይን ግድግዳ መለሰን ጀመረች።

«አንቺ ልጅ፣ ጭቃውን እየመታሽው ነው እንጂ እየለሰንሽው አይደለም» አሏት እማሆይ።

«እርስዎም ይቆጡኝ እንግዲህ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? ዓለምን ከተውኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ጆሮዬን ግን አልተውኩትም። ልጁ እዚህ ተቀምጦ አልቅሷል።»

እጇ ግድግዳው ላይ ቆመ። «ምን ብሎ?»

«ሂጂና ራሱን ጠይቂው። ያልተላክሁበትን አላደርስም። የአንዲት መበለት አውድማ ላይ ነው፤ ገብስ እያዘራላት።»

እጇን ሳትታጠብ ሄደች። አስቻለው ብቻውን ነበር፤ ገለባው በነፋሱ ቢጫ ጭስ መስሎ ይሄዳል።

«ለምን አልሄድክም?» አለችው፤ እንደምን ዋልክ እንኳ ሳትል።

«ስለ መሰላሉ ያልሽው እውነት መስሎኝ።»

«እኔ አላገባህም አልኩ እንጂ አትቀስስ አልኩህ? አምስት ሕፃናት ቁጭ ብለዋል! ለእኔ ብለህ ሕዝቡን ከቀጣህ እሱ ፍቅር አይደለም፣ ኩራት ነው። ኩራቱን ደግሞ ለእኔ ተውልኝ፤ ለሁለታችንም የሚበቃ አለኝ!»

መንሹን አስቀመጠ። ሲቆጣ አይታው አታውቅም ነበር፤ ድምፁ ግን ከፍ አላለም።

«እስካሁን አንቺ ተናገርሽ፤ አሁን እኔ ልናገር። ክህነት ብቻ ብፈልግ የማንንም ልጅ አገባ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ሲያመጡልኝ እምቢ ያልኩት የቄስ ትዳር አንዴ ስለሆነ ነው። ሌላው ተሳሳትኩ ብሎ ይፈታል፤ እኔ ተሳሳትኩ የምልበት ቀን የለኝም። አንቺ ስትመጪ አልፈራሁም።»

«ታዲያ ስጠይቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ልዋሽሽ ስላልፈለግሁ። ጳጳሱ ባይመጡ ኖሮ ሽማግሌ ለመላክ ወኔ አይኖረኝም ነበር፤ እውነቱ ይኼ ነው። በየገበያው ቀን ጃኬት ይዤ እየተመላለስኩ አረጅ ነበር። ጳጳሱ ፍቅሩን አልሰጡኝም፣ እፀገነት። ድፍረቱን ነው የሰጡኝ።»

ነፋሱ ቆመ። ሽፋሽፍቱ ላይ ገለባ አርፎ ነበር፤ ልታነሣለት እጇን ሰደደችና ጭቃውን አይታ መለሰችው።

«ይኼን ለሽማግሌዎቹ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?»

«ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል?»

«አይባልም» አለች። ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ።

«አሁን ልላክ?»

«አትልክም! ያንተን ሽማግሌ አንዴ መልሻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም።» ነጠላዋን አጠበቀች። «እኔ እልካለሁ።»

እሑድ ረፋድ ላይ ከመምሬ ገብረ ክርስቶስ ደጅ እማሆይ አመተሥላሴ መቋሚያቸውን እያንኳኩ ደረሱ። አስቻለው አባት ስለሌለው መምሬ ናቸው እንደ አባት ያሳደጉት።

«ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁ» አሉ እማሆይ። «ከሴቷ ወገን።»

«እማሆይ! ሴት ወደ ወንድ ሽማግሌ ስትልክ? ይኼ የየት አገር ወግ ነው?»

«በወጉማ ሄደን አየነው፣ መምሬ። ጳጳሱን አሳለፈን። አሁን እኔን ይስሙኝ። ልጅቱ መኪናዋን ይዛ መጥታ እዚሁ ትኖራለች፤ የደብሩ ሴቶች ልጆች በሷ ዘንድ ማንበብም መስፋትም ይማራሉ። ቅዳሜዋን ማንም አይነካባትም። ሠርጉ በጥር ይሁን ብላለች፤ የጳጳስ ወሬ በሌለበት። ልጁ ዕድሜ ልኩን ዲያቆን ሆኖ ቢቀር እንኳ ሚስቱ ነኝ ብላለች።»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኛ ለታቦቷ ብለን ጠየቅናት። መጠየቅ የነበረብን ለልጁ ነው። አጥፍተናል።»

የዲያቆን ጋብቻ በተክሊል ነው፤ ተክሊል ደግሞ ያለ ቅዳሴ አይሆንም። ስለዚህ በጥር የሞላሌ ወጣቶች በቅሎ ይዘው ገደሉን ወረዱና ለሠርጉ ቀን ብቻ የተፈቀደላቸውን ቄስ ከማዶ ደብር አመጡ። አፋፍ ማርያም ከሁለት ዓመት በኋላ ልትቀድስ ነው ሲባል ሰው ገና ሳይነጋ ግቢውን ሞላው። ከቅዳሴው በፊት አምስቱም ሕፃናት ክርስትና ተነሡ። ፊቷን ያዞረችው እናት ልጇን ታቅፋ ሙሽራዋ ፊት ቆመች።

«ክርስትና እናት ትሆኛታለሽ?» አለቻት፣ መሬት መሬት እያየች።

«የሠርግ ልብሴን ካበላሸችው አንቺ ነሽ የምታጥቢው» አለች እፀገነትና ሕፃኗን ተቀበለቻት።

ሁዳዴ አልፎ ፋሲካ ሲወጣ የደብሩ ሰው አስቻለው እንዲቀስስ ማመልከቻ አስጻፈ፤ መጻፍ የማይችለው በአውራ ጣቱ ፈረመ። የጻፈችው እፀገነት ናት፤ ልመና የሚመስለውን ቃል ሁሉ ሰርዛ። ባልና ሚስቱ ከሞላሌ አውቶቡስ ተሳፍረው ደብረ ብርሃን ወረዱ። የሀገረ ስብከቱ አንድ ቢሮ ነገ ተመለሱ አላቸው፤ ተመለሱ። ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት አላቸው፤ እፀገነት ስንቋን ፈትታ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ተጠሩ። በሰኔ መጀመሪያ አስቻለው ቄስ ሆነ።

ወንዙ ሊሞላ ነው። በዚያ ክረምት ግን የሚሻገር ሕፃን አልነበረም።

አስቻለው ከመምሬ ገብረ ክርስቶስ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በቀደሰበት እሑድ፣ ሕዝቡ ሲሰናበት መስቀሉን ይዞ ወደ ሴቶቹ በኩል ወጣ። አሮጊቶቹ ተሳለሙ፣ እናቶቹ ተሳለሙ። እፀገነት እንደማንኛዋም ምእመን ተራዋን ጠብቃ ፊቱ ቆመች። ዓይኗን ሲያይ መስቀሉን አንሥቶ ማሳረፉን ረሳ።

«ቶሎ በሉ እንጂ፣ መምሬ» አለች በሹክሹክታ፤ «ከኋላዬ ሰው ቆሟል።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለና መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፈ፤ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም አድርጎ።