የሆዮ ሀሊማ እግር

የጅንና የዛር ወሬ ሲነሳ ርዕስ የምቀይር ሴት ነኝ፣ ያኔም አላምንም ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ ለማለት ይከብደኛል፣ ይህን ግን በዓይኔ ስላየሁት ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ፣ በቁስል አጠባ ደግሞ፣ ራስን ማመስገን አይሁንብኝና፣ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ሀሊማ የሚባሉ የሀርሺን ከተማ ግመልና ፍየል ነጋዴ ታመው መጡ፣ እኛም እንደ አገሩ ሰው «ሆዮ» እንላቸው ነበር፣ እናቴ ማለት ነው። ስኳር በሽታ የግራ ውስጥ እግራቸውን አቁስሎት አልድን ብሏል። ዶክተራችን፣ በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ብረት ክፍል ውስጥ ዘግተው ኦክስጅን በግፊት እያስተነፈሱ እንደሚያድኑ ነገረን። እኛ ያለን አንድ ሲሊንደር ነው፣ ስለዚህ እግራቸውን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትተን፣ አፉን በፕላስተር አሽገን፣ በቀጭን የጎማ ቱቦ ኦክስጅን እንለቅበት ጀመር። ሥጋው ትንሽ መቅላት ሲጀምር ሲሊንደሩ አለቀ፣ በካራማራ በኩል ይመጣል የተባለው መኪናም ቀረ።

«ነገ ጠዋት እንቆርጠዋለን፣ ከዚህ በላይ ከጠበቅን ሴትዮዋን እናጣቸዋለን» አለ ዶክተሩ።

ሆዮ ሰምተው ሳቁ። «ሲስተር፣ በአንድ እግሩ ግመል የነዳ ሰው አይተሻል? ፍየሏ ራሷ ትስቅብኛለች!»

ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጭር ሲል፣ ከረጢቱን ፈትቼ እግሩን ለጠዋቱ ላጥብ ገባሁ። ሆዮ ተኝተዋል። ቱቦውን ከባዶው ሲሊንደር የነቀልኩት፣ ጫፉንም ያሰርኩት እኔው ነኝ። ከረጢቱ ግን ቀስ ብሎ ተነፋ፣ ቀስ ብሎ ተጨማደደ፣ እንደገና ተነፋ። ንፋስ ይሆናል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፣ እመኑኝ፣ አልቆመም። ደረታቸውን አየሁ፣ እሳቸው አንዴ ሲተነፍሱ እሱ ሁለቴ ይተነፍሳል። ጆሮዬን ሳስጠጋ አሁን የተወለደ ግልገል የሚያወጣው ዓይነት ትንሽ ትንፋሽ ሰማሁ።

ሆዮ ዓይናቸውን ገለጡ። «ማነው አጠገቤ የሚተነፍሰው?»

«እግርዎ ነው መሰለኝ» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትነካኪዋለሽ? ተይው፣ ይተንፍስ!»

አልፈታሁትም። ጠዋት ዶክተሩ ሊወስዳቸው ሲመጣ በር ላይ ቆሜ «መጀመሪያ ቁስሉን ይዩት» አልኩት፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ደፍሬ ተናግሬ አላውቅም። ገልጦ በመርፌ ነካ ሲያደርገው ቀይ ደም ብቅ አለ።

«ምን አደረግሽበት?»

«ምንም።»

መቁረጡ ቀረ፣ ከዚያ በኋላ ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ በየቀኑ አጠብኩት፣ ሆዮም በሁለት እግራቸው ሀርሺን ገቡ። ያ እግር የእጄ ሥራ ነው፣ ይህን ስናገር አላፍርም።

ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ጅጅጋ መጥታ የእናቷን መሞት አረዳችኝ። እጄን ይዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ገንዘናት ልናወጣት ስንል ከፈኑ በግራ እግሯ በኩል ከፍ ዝቅ አለ። ሌላው አካሏ ቀዝቅዟል። ሼኩ ቶሎ በሉ ይላሉ፣ እኛ ሴቶቹ ግን እስኪያቆም ጠበቅን። ደግ አደረግን?»

«ደግ አደረጋችሁ» አልኳት።

ምን ያህል እንደጠበቁ ግን አልጠየቅኳትም።